መብራት የፈራት አራስ

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ ልጄ ቤት ከርሜ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው የሳሎኑ አምፖል ሳይጠፋ ፈዘዘ፤ ማቀዝቀዣውም ሆዱን እንደታመመ ሰው አቃስቶ ዝም አለ። ወዲያው ሁሉም ወደ ነበረበት ተመለሰ። የልጅ ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ኃይል ወርዶ ነው፣ አያቴ» አለችኝና ረሳችው። እኔ ግን የምልጠውን ድንች ከነቢላው አስቀምጬ ተነሣሁ። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

የጠፋ መብራት አያስፈራኝም። የጠፋው ጠፋ ነው፤ ሻማ ይፈለግለታል። የፈዘዘው ግን አንዳች ነገር በአጠገቡ ያለፈ ይመስለኛል። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣብኝ ስለማውቅ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ሳሉ ነው። እኔ ልጅ እግር ነበርኩ፤ እግሬም አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። በልጅነቴ ከተዳርኩበት ቤት ወጥቼ፣ ከገበያ ገበያ፣ ከጠበል ጠበል ስዞር ጉንደ ወይን ላይ አንዲት የውጭ አገር የዓይን ሐኪም አገኘሁ። ምግብ የምታበስልላት፣ የምታጥብላት፣ በሽተኛው ዓይኑን ሲታከም ራሱን ደግፋ የምትይዝላት ሴት ትፈልግ ነበር። ትምህርት ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ ወይ አላለችኝም። መንገድ ትችያለሽ ወይ ነው ያለችኝ። መንገድማ የኔ ነገር ነው።

የምንዞርበት መኪና ራሱ ቤት ነበር። የጭነት መኪና ያህላል፤ ጀርባው ላይ የቆርቆሮ ቤት ተሸክሟል። ውስጡ አልጋ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ የመድኃኒት ቁም ሣጥንና ትንሽ ማቀዝቀዣ አለው። ግድግዳው ከውስጥ በቀጭን ጣውላ ተለብጧል፤ የመብራቱ ሽቦ በጣውላውና በቆርቆሮው መካከል ይሄዳል። በስተኋላ፣ በብረት መዝጊያ ውስጥ፣ ጄኔሬተሩ ተቀምጧል። እሱ ሲነሣ ወለሉ ከእግር በታች ይርገበገባል፤ መጀመሪያ ሰሞን ከብት ላይ የቆምኩ ይመስለኝ ነበር። የባላገሩ ሰው መኪናውን «ሂያጁ ቤት» ይለዋል። ሌሊት የሚያጓራው ምን እንደሆነ ግን ደፍሮ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ሾፌሩም መካኒኩም ጋሼ በየነ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው፣ ምላሱ የማያርፍ። ሞተሩን ገመድ ስቦ ሲያስነሣው ይሰድበዋል፣ ሲነሣለት ያሞግሰዋል። «ይሄ ሞተር እንደ ደብተራ ነው፤ ሳያበሉት አይዘምርም» ይለኝ ነበር ቤንዚን ሲሞላ።

ነሐሴ ነበር፣ ፍልሰታ። ወደ ደብረ ማርቆስ ስንመለስ ወንዝ ሞልቶ አገኘነው። ደለሉን ተሸክሞ ቀይ ሆኖ ይወርዳል፤ አንዳንዴም ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ያሳልፋል። ከመሻገሪያው በላይ ካለ መስክ ላይ ቆምን። እንዲያ ያለ ጉም ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ጠዋት ከጮቄ በኩል ይወርድና መስኩን፣ ወንዙን፣ በጎቹን ይውጣል፤ የበጎቹ ደወል ብቻ ሰው የማይታይበት ቦታ ላይ ይንቀጫቀጫል። ድንች በረመጥ እየጠበስን፣ በሶ በጨው እየበጠበጥን ውሃው እስኪጎድል መጠበቅ ያዝን። እርጥብ ሱፍና ጭቃ የማይሸት ነገር አልነበረንም።

ከጉሙ ውስጥ ቃሬዛ ወጣ። ሰዎቹ እንደኛው ወንዙ ያገዳቸው ነበሩ፤ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይዘው ሲሄዱ። እናኑ ትባላለች፤ ገና በሰባት ወሯ ነው ምጡ የመጣባት። ባሏ ወንዙ ሳይሞላ ተሻግሮ ማዶ ቀርቷል። ከእሷ ጋር ያሉት እናቷ እማማ ዝማምና የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ደምሌ ናቸው፤ ቃሬዛውን የያዙትም ጎረቤቶቻቸው። ዶክተሯ፣ እኔ የዓይን ሐኪም ነኝ ብላ እጇን አላጠፈችም። አስገባቻት። እናኑ በሂያጁ ቤት አልጋ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች።

ልጅቷ የዶሮ ጫጩት ታህላለች። ጥፍሯ እንኳ አልጨረሰም። ዶክተሯ የዕቃዋን ሣጥን ባዶ አድርጋ ጥጥ ጎዘጎዘችበት፣ ልጅቷን አስተኛቻትና ትልቁን አምፖል ከላይዋ አጠገብ አንጠለጠለችው። በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «ለእሷ ሙቀት ምግብ ነው። ውሃ እስኪጎድል መብራት ከበራ፣ ትኖራለች» አለችን።

በኛ አገር አራስ ያለ ብረት አትተኛም። ማጭድም ቢሆን፣ ወረንጦም ቢሆን፣ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት ከጎኗ ይቀመጣል፤ ደጅ ስትወጣም ይዛው ነው። እማማ ዝማም ያንን አውቃ ቀጭን የሽንኩርት ቢላ በመቀነቷ ይዛ መጥታ በልጇ ትራስ ሥር አደረገችው። ዶክተሯ አንሶላ ስትቀይር አገኘችው። ስለት ያለው ነገር አራስና ሕፃን ካለበት አልጋ ላይ አይቀመጥም ብላ በትሕትና መለሰችላት። አሮጊቷ ለመነች፣ ተቆጣች፣ እኔንም አማላጅ አደረገችኝ። ዶክተሯ እምቢ አለች። እማማ ዝማም ቢላዋን ወደ መቀነቷ መልሳ ጥግ ተቀመጠች።

ብዙም አልቆየ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ መስኮቱን እንደ ነጠላ ሸፍኖታል። እናኑ ተኝታለች፣ ልጅቷ ተኝታለች፣ ዶክተሯ ወንበሯ ላይ አንቀላፍታለች። የሚንቀሳቀስ አልነበረም። አምፖሉ ቀስ ብሎ ደከመ። እንቅልፍ እንደያዘው ዓይን ወርዶ፣ ወርዶ፣ ቀይ ክር ብቻ ሆነ። ቆየ። ከዚያ በመጣበት አኳኋን ቀስ ብሎ ተመለሰ። ያን ጊዜ ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር ሞተሩን ነው፤ ድምፁ እንደወትሮው ነበር፣ ምንም አልተለወጠም። እኔና እማማ ዝማም ተያየን። እሷ አማተበች። እኔም አማተብኩ።

በማግሥቱ ነገሩ ባሰ፤ መልኩም ተለወጠ። አሁን እናኑ በተገላበጠች ቁጥር ነው። ወደ ግድግዳው ዞር ስትል ሞተሩ ከሥር ያቃስታል፣ አምፖሉ ይፈዛል። ቀና ስትል ይመለሳል። አንዴ አስነጠሳትና መብራቱ ጭልጭል አለ። እናኑ ራሷ አወቀችው። መተንፈስ ፈራች፤ እንደ ሬሳ ቀጥ ብላ ጣሪያውን እያየች ተኛች፤ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል።

አያ ደምሌ ገንፎ ይዞ መጥቶ በባዶ እግሩ ከእርጥቡ ሣር ላይ እንደቆመ የበሩን ብረት ያዘ። ገንፎው በረረ፤ እሱም ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ተቀመጠ። ክንዱን እያሻሸ ነከሰኝ አለ። ማን እንደነከሰው ሲጠየቅ በጣቱ ቤቱን አሳየ።

ጋሼ በየነ ቀልዱን አቁሞ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ ከቤንዚኑ ነው ብሎ ጠረጠረ፤ በዚህ ጉም ውሃ ገብቶበት ይሆናል አለና አንጠፍጥፎ በጨርቅ አጥልሎ መለሰው። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈቶ በአሸዋ ወረቀት ጠረገ። ደጋ ስለሆነ ሞተሩ ትንፋሽ አጥሮት ይሆናል ብሎ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ መብራት የለም፤ ልጅቷን ዶክተሯ በኔ ደረት ላይ፣ ከቀሚሴ ውስጥ፣ ከገላዬ ጋር አጣብቃ በነጠላ ጠፍራ አሰረችልኝ። የልቧ ምት እንደ ጭራሮ ስባሪ ይወጋኛል። አንዳንዴ ይጠፋብኝና እኔም ትንፋሼን ውጬ አዳምጣለሁ።

ሞተሩ ተነሣ። ጋሼ በየነ የቤቱን መስመር ከሞተሩ ለየና ብቻውን አስኬደው፤ ሞተሩ እንደ ንብ ዘመረ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ቤት ውስጥ ነው» አለኝ። እናኑን አቅፈን በፊት በኩል ከሾፌሩ ወንበር አስተኛናት፣ ለመፈተሽ እንዲያመቸው። ማቀዝቀዣውን ለብቻው ሰካ፤ ደህና። የመርፌ ማፍያውን ሰካ፤ ደህና። አምፖሉን ሰካ፤ ደህና። ሁሉንም አንድ ላይ አበራቸው፤ ቤቱ እንደ ጥምቀት ደመቀ። ደስ አለን። እናኑን ወደ አልጋዋ መለስናት፣ ልጅቷንም ወደ ሣጥኗ።

እናኑ ጎኗን አሳረፈች። ሞተሩ አቃሰተ። መብራቱ ወረደ፤ አንዳች ነገር ጧ አለና ሁሉም ጨለመ። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር። ልጅቷን እንደገና ደረቴ ላይ አሰርናት። የቀረችን መለዋወጫ አንዲት ናት።

ጋሼ በየነ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በፊት ፊቱን እንዲያ አይቼው አላውቅም። ቀስ ብሎ፣ እናኑ እንዳትሰማው፣ «ማንጠግቦሽ፣ እኔ በሽታ የምፈልገው አንድ በአንድ እያወጣሁ ነው። ሁሉንም አወጣሁ። የቀረችው እሷ ናት» አለኝ።

ለካ አያ ደምሌ ከመኪናው ሥር ቆሞ ሰምቷል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር እንጂ። ይህ ቤት ልጅቷን የሚያሞቀው የእናቷን ነፍስ እየጠጣ ነው፣ ወይም እናቲቱ ያደረባት ነገር መብራቱን እየጠጣ ነው፤ በሁለቱም በኩል ሞት ነው አለ። ሰዎቹን ጠርቶ ቃሬዛውን አስጠጋ። ወደ ላይ ወደ ቀዬአቸው ሊመልሷት ነው፤ በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ዳገት። ዶክተሯ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። ልጅቷ ከዚህ ወጥታ ዳገቱ ግማሽ እንደማትደርስ ተናገረች። አያ ደምሌም፣ እዚህስ ብትቀር በምን ልትሞቅ ነው ሲል መለሰላት። ሽቦ አላውቅም፣ የማውቀው ዓይን ነው ብላ ወደ ጋሼ በየነ ዞረች።

እኔ እማማ ዝማምን አየሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን አሮጊቷ አልጮኸችም፣ አልተሟገተችም። ትናንት ስለዚያ ቢላ አገር ስታደባልቅ የነበረች ሴት፣ ዛሬ ልጇ እንዲህ ስትሆን ብረቷን አለማንሣቷ ከበደኝ። መቀነቷን አየሁ። ቢላው የለም። አጠገቧ ተንበርክኬ በጆሮዋ፣ «እማማ፣ ብረቱን የት አደረጉት?» አልኳት።

ዓይኗን ከኔ አሸሸች። ከዚያ በአገጯ ወደ አልጋው ግድግዳ አሳየችኝ፤ ሁለት ጣውላ የሚጋጠምባት ስንጥቅ፣ ልክ ከእናኑ ትከሻ በላይ።

ለጋሼ በየነ ነገርኩት። ሞተሩ መጥፋቱን አረጋገጠ። ካቻቢቴውን አውጥቶ ጣውላውን ፈታው። ቢላዋ በስንጥቁ ገብታ በጣውላውና በቆርቆሮው መካከል ተንጠልጥላለች። እዚያው ላይ የአምፖሉ ሽቦ የሚቀጠልበት ቦታ አለ፤ የመዳብ ጫፉ ራቁቱን ነው። እናኑ ስትደገፍ ጣውላው ይገፋታል፣ ቢላዋም በአንድ በኩል መዳቡን፣ በሌላ በኩል ቆርቆሮውን ትነካለች። ብርሃኑን የምትጠጣው፣ አያ ደምሌን የነከሰችው እሷ ናት። ስለቷ ጠቁሮ ጫፏ እንደ ሰም ቀልጧል።

ጋሼ በየነ አውጥቶ በእጁ አገላበጣት። ሳቀ፣ ግን ሳቁ ከሆዱ አልመጣም። የራቁቱን መዳብ በጎማ ጠቀለለ፣ ጣውላውን መለሰ፣ የመጨረሻዋን ፊውዝ ሰካ። ገመዱን ሳበ። መብራቱ መጣ። እናኑን ወደ ግድግዳው ዞር በይ አላት። ዞረች። ወደዚህ ተመለሽ አላት። ተመለሰች። አምፖሉ ዓይኑን አላረገበም። ያኔ እናኑ ጮክ ብላ አለቀሰች፤ ልጅቷን ከደረቴ ፈትተን ሣጥኗ ውስጥ መለስናት። አያ ደምሌ ቃሬዛውን ራሱ ተሸክሞ አራቀው፤ ተመልሶም የፈሰሰውን ገንፎ በሌላ ተካው።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ እስካሁን በሳቅ የምናገረው ነበር።

ጋሼ በየነ ነፍሱ ስትመለስ ምላሱም ተመለሰች። እማማ ዝማምን በቀልድ ይነቁራት ጀመር፤ ሰይጣን ልታስወጪ ሰይጣን አስገባሽብን እያለ። አሮጊቷ አልተቆጣችም። እስኪጨርስ ሰማችውና፣ «ልጄ፣ እኔ ብረቷን እዚያ ያስገባኋት መብራቱ ከደከመ በኋላ ነው» አለችው። «መጀመሪያ የደከመ ለት ቢላዋ በመቀነቴ ነበረች። ያን ያየሁ ጊዜ ነው የሸሸግኋት።»

ጋሼ በየነ ወደ እኔ ዞረ። ልክ ናት አልኩት፤ አብሬያት ነበርኩ። ያን ጊዜ ሞተሩ አቃስቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላቃሰተም አልኩት። የተንቀሳቀሰ ሰው ነበር? አልነበረም።

ማቀዝቀዣውና ማፍያው አንድ ጊዜ ተነሥተው ይሆናል አለና ደጋግሞ አንድ ላይ አስነሣቸው። አምፖሉ ነቅነቅ አላለም። የላላ ሽቦ ይሆናል አለ። ቀኑ እስኪመሽ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በጣቱ እየነካ፣ እየሳበ፣ እያጠበቀ ዞረ። የላላ አላገኘም። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ የደጋ አየር ነው፣ ሌላ ምን ሊሆን ነው አለ። ማንንም እያየ አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያን ነገር ሲያነሣው አልሰማሁትም፤ ሰውየው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተሩን ሲያስነሣ መሳደብ ተወ።

ዶክተሯም ያን ምሽት ያደረገችውን አልረሳም። ቢላዋን በአልኮል አጠበች፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላ በፋሻ አሰረች፣ በእናኑ ትራስ ሥር አስቀመጠቻት። እማማ ዝማም የዶክተሯን እጅ ሳመች።

ውሃው ጎደለ። ተሻገርን። ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ልጅቷ በሕይወት ነበረች፤ ሆስፒታሉም ተቀበላት። በኋላም ከነእናቷ ወደ አገሯ ተመልሳ አደገች፣ ተዳረች፣ ወለደች። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ እናኑ፣ ይቺ ናት ደረቷ ላይ ያሞቀችሽ ብላ እኔን አሳየቻት። ልጅቷ አፍራ ጉልበቴን ሳመች። እጇ ሞቃት ነበር። ያንን ነው ያስተዋልኩት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት፤ ስልኳን አስቀምጣ ሰማችኝ። ታዲያ የመጀመሪያው ምን ነበር አለችኝ። እንደማላውቅ ነገርኳት። እሷ የተማረች ናት፤ መልስ የሌለው ነገር ደስ አይላትም። እኔ ደግሞ ብዙ አገር ዞሬአለሁ፤ ፍርሃት የሸሸገው ብረት ጎረቤት ሲነክስ፣ ምስኪን ሴት ከአልጋዋ ሲያስነሣ አይቻለሁ። ስለዚህ እማማ ዝማም ተሳስታለች ለማለት አልቸገርም፤ ያን ቀን በሷ ቢላ ሰበብ አንዲት ነፍስ ልትጠፋ ነበር። ተሳስታለች ብዬ ስጨርስ ግን ያ ጸጥ ያለ ከሰዓት ይመጣብኛል፤ የተኙት ሰዎች፣ እንደወትሮው የሚዘምረው ሞተር፣ ቀስ ብሎ የሚወርደው ብርሃን። አሮጊቷ የፈራችው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አብሬያት አይቻለሁ። ቢላዋ ያመጣችውን ጥፋት ጋሼ በየነ ጠግኖታል። የመጀመሪያዋን መፍዘዝ ግን የጠገናት የለም።